በረዶ ላይ የተጣሉ ክራንቾች ምን ይላሉ?

የበረዶ ሥዕል ፊት ስቆም ሰማዩን መጀመሪያ አላይም። ሰው ነው የምፈልገው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ በ1811 እ.ኤ.አ. የሣለውንና ለንደን ናሽናል ጋለሪ የሚገኘውን የክረምት ሥዕል እንውሰድ። ትንሽ ነው፤ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ጠጋ በሉ።

ክራንቾቹን ፈልጉ። በረዶው ላይ ተጥለዋል። ባለቤታቸው ዓለት ተደግፎ ይጸልያል። ፊት ለፊቱ፣ ጥዶቹ መሃል፣ የክርስቶስ ስቅለት ያለበት መስቀል አለ። ብዙ ሰው «አሃ፣ ተፈወሰ!» ብሎ ያልፋል። እኔ አልቸኩልም። ሰውየው እኮ አልቆመም። መከራው እንዳለ ነው፤ የተቀየረው መደገፊያው ነው። መዝሙረ ዳዊት እግዚአብሔርን «ዓለቴ» እንደሚለው ካስታወሳችሁ ድንጋዩም ዝም ብሎ ድንጋይ አይሆንም።

ቀጥሎ በሕይወት ያለውን ከሞተው ለዩ። ጥዱ በብርድ አረንጓዴ ነው፤ ተስፋ ማለት ነው። በረዶውን ሰንጥቆ የወጣ ሣርም አለ። ይቺን ብዙዎች አያዩዋትም።

አሁን ወደ ኋላ ራቅ በሉ። ጭጋጉ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። የሾሉ ማማዎቹ የጥዶቹን ቅርጽ ይደግማሉ። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም።

ከተጠራጠራችሁ አወዳድሩ። ሠዓሊው በዚያው ዓመት የሣለው ሌላ የክረምት ሥዕል ሽቬሪን በምትባል የጀርመን ከተማ አለ። እዚያ ሰውየው ክራንቹን አልጣለም። ዙሪያው ጉቶና የደረቀ ዛፍ ነው፤ መስቀልም ቤተ ክርስቲያንም የለም። ሁለቱን ስልካችሁ ላይ ጎን ለጎን ክፈቱና የጎደለውን ቁጠሩ።