«ሮንግ ሳይድ ኦፍ ዘ ትራክስ» ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

አሜሪካኖች አንድን ሰው «ከሮንግ ሳይድ ኦፍ ዘ ትራክስ ነው የመጣው» ካሉ፣ ድሃ ሰፈር ነው ያደገው ማለታቸው ነው። ቃል በቃል «ከሐዲዱ መጥፎ ወገን» ማለት ነው፤ «ትራክስ» የባቡር ሐዲዱ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሐዲድ ብዙ ከተሞችን ለሁለት ከፈለ። ያለው በወዲህ፣ የሌለው በወዲያ ሰፈረ።

የተለመደው ስህተት «ሮንግ» የምትለውን ይዞ ሰውየውን ወንጀለኛ ማድረግ ነው። አባባሉ ስለ ኑሮ ደረጃ እንጂ ስለ ጸባይ አያወራም።

ሌላው ስህተት «ትራክስ» ከምትለው የመጨረሻዋ «ስ» ይመጣል። «ኦን ዘ ሮንግ ትራክ» ከተባለ ነገሩ ሌላ ነው፦ ሐሳብህ መስመር ስቷል ማለት ነው። ሰፈርም ድህነትም የለበትም። እኛ የጭነት መኪናውንም «ትራክ» ስለምንል ግራ መጋባቱ ይብሳል።

ሐዲድ የግድ መኖር አለበት ማለትም ልክ አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲን የሚለየው የአናኮስቲያ ወንዝ ነው፤ ዲትሮይትን ከሰሜን ዳርቻ ከተሞቿ የሚለየው ደግሞ ኤይት ማይል የሚባለው መንገድ። አባባሉ ለሁሉም ይሠራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ድሃውን ሰፈር በነዋሪው ጥፋት እንደተፈጠረ አድርጎ ማውራት ነው። በ1930ዎቹ የፌዴራሉ የቤት ብድር መሥሪያ ቤት ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሰፈሮች ካርታ ላይ ቀይ ቀባቸው። ቀይ ማለት እዚህ ማበደር አደጋ ነው ማለት ነው። ዲትሮይት ውስጥ በ1941 አንድ ቤት ሠርቶ ሻጭ ለነጮች ለሚያሠራው መንደር የመንግሥት የብድር ዋስትና ፈለገ። ቦታው ለጥቁሮች ሰፈር በጣም ቀርቧል ተባለ። ምን አደረገ? በሁለቱ ሰፈሮች መሃል ግንብ አቆመ። ቁመቱ ሁለት ሜትር አይሞላም፣ ርዝመቱ 800 ሜትር ገደማ ነው። ዋስትናውንም አገኘ። ግንቡ ዛሬም አለ፤ ከፊሉ ላይ ሥዕል ተሥሎበታል። ቤት ሲሸጥና ሲከራይ በዘር ማግለል በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። ይህ ሁሉ እያለ፣ አሜሪካ አዲስ ለመጣ ዘመድ «እዚያ ያሉት ሰነፎች ናቸው» ብሎ መንገር ግፍ ነው።

በመጨረሻ፣ ማን እንደሚናገረው ማየት ያስፈልጋል። እዚያው ያደገ ሰው ስለ ራሱ ሲል፣ የጨርቆስ ልጅ ሰፈሩን እንደሚጠራው በኩራት ሊሆን ይችላል። ሌላውን ሰው ፊት ለፊት «ከዚያ ወገን ነህ እንዴ?» ማለት ግን ስድብ ነው። ማወቅ ከፈለጉ «የት ነው ያደግከው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።