ላስ ቬጋስ ውስጥ ከሥራ ተባረው የመጨረሻው ቼክ ካልተሰጠዎት ደመወዝዎን እንዴት ይጠይቃሉ?

ኔቫዳ ውስጥ አሠሪ ሠራተኛን ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል። መድልዎ ወይም በቀል ካለበት በቀር «ለምን አባረርከኝ» ብሎ መሟገት ብዙ ርቀት አያስኬድም። የሠሩበት ገንዘብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ንዴቱን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገው ሒሳቡን ይያዙ። እዚህ የምጽፈው ስለ ሒሳቡ ብቻ ነው።

ቀኑን ይቁጠሩ

ከተባረሩ ያልተከፈለዎት ደመወዝ ወዲያውኑ ይከፈል ይላል የግዛቲቱ ሕግ። «በሚቀጥለው የክፍያ ቀን ተመለስ» የሚለው የማናጀሮች መልስ ለተባረረ ሰው አይሠራም። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው ነው በመደበኛው የክፍያ ቀን ወይም በ7 ቀን ውስጥ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው፣ የሚከፈለው። ለዚህ ነው በተባረሩ ዕለት «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡልዎ መፈረም የሌለብዎት። እውነት ካልሆነ አይፈርሙ።

የተባረረ ሰው በ3 ቀን ውስጥ ካልተከፈለው ደግሞ፣ ሥራ ላይ ያለ ይመስል የቀን ደመወዙ መቆጠሩን ይቀጥላል፤ እስኪከፈለው ድረስ፣ ቢበዛ እስከ 30 ቀን። ይህን የማያውቅ ማናጀር ብዙ ነው፤ የማያውቅ ሠራተኛ ደግሞ ከዚያም ይበዛል።

ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ይመልሱ

አንዲት እህት የሠራችበትን ሰዓት በሙሉ በትንሽ ደብተር ይዛ መጣችልኝ። «በቃል ያለ ይረሳል» የሚለውን አልረሳችም፤ እሷ ለእያንዳንዱ ቀን መስመር አላት። ችግሩ መስመሩ ላይ የሰፈረው «ከ12 እስከ 10» መሆኑ ነው። እኛ ስናነበው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላው 10፣ ጠቅላላ 10 ሰዓት ሥራ ነው። አሜሪካዊ ግን እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ላይ ጀምራ 10 ላይ የጨረሰች መስሎት የመግቢያ ሰዓቷን ሁሉ ውሸት ያደርገዋል። ቁጭ ብለን እያንዳንዱን መስመር 6 ሰዓት ጠዋት እስከ 4 ሰዓት ከሰዓት ብለን በንጹሕ ወረቀት ገለበጥነው። ዋናውን ደብተር ግን አልጣልነውም፤ በየቀኑ በእጅ የተጻፈ ነገር ክብደት አለው።

ደብተር ከሌለዎት የስልክ መልእክት፣ የሺፍት ፕሮግራም ፎቶ፣ የፓርኪንግ ደረሰኝ ሁሉ ይረዳል። የደመወዝ መዝገብዎን ከራሱ ከአሠሪው መጠየቅም ይችላሉ፤ ለ2 ዓመት የማስቀመጥ፣ ሲጠየቅም በ10 ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ሒሳቡን ይሥሩ

ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የኔቫዳ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12 ዶላር ነው። የኦቨርታይሙ ስሌት ከብዙ ግዛቶች ይለያል። ክፍያዎ በሰዓት ከ18 ዶላር በታች ከሆነ፣ በሳምንት ከ40 ሰዓት ባያልፍም እንኳ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ የሠሩት በአንድ ተኩል ይታሰባል። 18 ወይም ከዚያ በላይ የሚከፈለው የሚቆጠርለት ከሳምንቱ 40 ሰዓት በኋላ ያለው ብቻ ነው። በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 4 ቀን ለመሥራት ከአሠሪው ጋር ከተስማሙም የቀኑ ኦቨርታይም አይታሰብም።

ያቺ እህት በሰዓት 14 ዶላር ነበር የሚከፈላት። በመጨረሻው ሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት ሠርታለች፤ ምሳዋን እንኳ ቆማ ነው የበላችው። 40ው ሰዓት በ14 ሲባዛ 560 ዶላር፣ ትርፉ 10 ሰዓት በ21 ሲባዛ 210፤ ድምሩ 770 ዶላር። ማናጀሩ ግን ሃምሳውንም ሰዓት በ14 አስቦ 700 ብሏት ነበር።

ቲፕ ካለ ለብቻው ይጻፉ። እዚህ አሠሪ ቲፕዎን ከ12ቱ ዶላር ላይ ሊያካክስ አይችልም፤ ሠራተኞች እንዲካፈሉት ማድረግ ግን ይችላል። «ሰሃን ሰብረሃል፣ ዩኒፎርም አልመለስክም» ብሎ የቆረጠው ካለም በጽሑፍ የተስማሙበት መሆኑን ያጣሩ። ስንት እንደሚቆረጥና ለምን እንደሆነ ሳይገለጽ ሲቀጠሩ የፈረሙት ጥቅል ስምምነት አይበቃም።

ታክሲ ለሚነዱ አንድ ነገር ልጨምር። የታክሲ ሹፌር ከግዛቲቱ የኦቨርታይም ሕግ ውጭ ነው። ከዝቅተኛው ክፍያ ግን ውጭ አይደለም፤ በ2014 የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ሹፌሮች ባመጡት ክስ፣ በ2006 የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሹፌሮችንም ይሸፍናል ብሎ ወስኗል።

ደብዳቤውን ይጻፉ፣ ቁጥሩን ግን አያጋንኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሲከራከሩ ይቀንሱብኛል ብሎ 770ውን 2,000 ያደርገዋል፤ መርካቶ ዋጋ እንደሚባለው። በኔቫዳ ሕግ ክስ ከመመሥረትዎ ቢያንስ 5 ቀን አስቀድመው በጽሑፍ ከጠየቁ፣ የጠየቁትም ፍርድ ቤቱ «ይገባዋል» ካለው መጠን ካልበለጠ፣ ሲረቱ የጠበቃዎን ክፍያ አሠሪው ይሸፍናል። ቁጥሩን ከነፉት ይህ መብት ያመልጥዎታል። ለ770 ዶላር ጠበቃ ማግኘት የሚቻለው ደግሞ በዚሁ ምክንያት ነው።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ይሁን። ስምዎ፣ የተባረሩበት ቀን፣ ያልተከፈሉት ቀኖችና ሰዓቶች፣ የሰዓት ክፍያዎ፣ ከዚያ አንድ ድምር። የ30 ቀኑን ቅጣት በተለየ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሱት እንጂ ከደመወዙ ጋር አይደምሩት። ስድብ፣ ዛቻ፣ የማናጀሩን ጠባይ የሚመለከት ሐተታ አያስፈልግም። በኢሜይልም በአደራ ፖስታም ይላኩት፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

የእህታችን ማናጀር በአራተኛው ቀን ደውሎ «210ሩ ከየት መጣ?» ብሎ ጠየቃት። የተገለበጠውን ገጽ ፎቶ አንስታ ላከችለት።

መልስ ከሌለ

ለግዛቲቱ የሠራተኛ ኮሚሽነር ቢሮ አቤት ማለት ይችላሉ፤ አንዱ ቢሮ ላስ ቬጋስ ነው። አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜ 24 ወር ነው፣ ግን አይጠብቁ። ሌላው መንገድ እስከ 10,000 ዶላር የሚያየው የአነስተኛ ገንዘብ ችሎት ነው፤ ያለ ጠበቃ ይቆማሉ። አቅም ለሌለው የደቡብ ኔቫዳ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በነፃ ያማክራል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለውም ቢሆን በፌዴራሉ የደመወዝ ሕግ ለሠራበት ሰዓት ሊከፈለው ይገባል።

በሰፈራችን ፎርም የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ ይጠቅማሉም። ኔቫዳ ውስጥ ግን ለገንዘብ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው በግዛቲቱ መመዝገብ አለበት፤ ጠበቃ እስካልሆነ ድረስም የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። «ይህን ያህል ጠይቅ» ማለት ከጀመረ ወረቀትዎን ይዘው ወደ ጠበቃ ይሂዱ። ጠበቃ ነኝ ያለውንም ፈቃድ እንዳለው በኔቫዳ ጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ስሙን አስገብተው ማየት ይችላሉ።