ለኬጂ ደርሷል? ምሳ ዕቃውን ስጡትና እዩት

መስከረም ሲቃረብ ብዙ ወላጅ የ4 ዓመት ልጁን «ሀ ሁ» ያስጠናል። ፊደሉን እዚያው ይማረዋል። እናንተ ሌላውን እዩ። ሽንቱ ሲመጣ ለማያውቀው ሰው መናገር ይችላል? ሱሪውን ራሱ አውልቆ ይለብሳል? ቀበቶና ጠንካራ ቁልፍ ያለው ሱሪ ለትንሽ ልጅ ፈተና ነው፤ ባለ ላስቲክ ግዙለት። ነሐሴ ላይ ምሳውን በምሳ ዕቃ ቋጥራችሁ እዚያው ቤት ስጡት። ራሱ ይክፈት፣ ይብላ፣ ይዝጋ። ክዳኑ ካስቸገረው ዕቃውን አሁኑኑ ቀይሩት። ደግሞም ግማሽ ቀን አያቱ ወይም አክስቱ ጋ ይዋል። ስትሄዱ ግን ተሰናበቱት፤ እባካችሁ ሾልካችሁ አትጥፉበት። ቢያለቅስ አልደረሰም ማለት አይደለም። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ እንባውን ጠርጎ ወደ ጨዋታው ይመለሳል ወይ? አያቱን የምትጠይቁት ይህንን ነው።