ሶምሶማ ላይ ጨዋ፣ ግልቢያ ላይ አመለኛ የሆነን ፈረስ እንዴት እንያዘው?

በእርምጃ ሲሄድ በግ ነው። ሶምሶማም ያምርበታል። ገና ወደ ግልቢያ ላስገባው ስትሉ ግን ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፣ ጭራውን ያወናጭፋል፣ ጀርባውን ቆልምሞ ይፈናጠራል። አንዳንዱ ደግሞ አንገቱን ሰቅሎ ሶምሶማውን ያጣድፈዋል እንጂ አይጋልብም። የማወራው ስለ ሽምጥ አይደለም። ከሶምሶማ ቀጥላ ስለምትመጣው፣ በሦስት ምት ስለምትሄደው ቀለል ያለች ግልቢያ ነው።

መጀመሪያ ውረዱ። ይህን የተማርኩት በክንዴ ነው። ሱሉልታ ላይ በኪራይ የምቀመጥበት አንድ ዳማ ፈረስ ነበር። ለግልቢያ በጠየቅኩት ቁጥር ይፈናጠራል። አብሮኝ የነበረው ሰው «አመሉ ነው፣ አለንጋ አቅምሰው» አለኝ። አቀመስኩት። እሱም መሬት አቀመሰኝ። ክንዴን ታቅፌ ተቀምጬ ልጁ ኮርቻውን ሲያነሳ አየሁ፦ ጫንቃው ተገጥቧል። ፀጉሩ ከኮርቻው ስር ከሚነጠፈው ጨርቅ፣ ከግላሱ ጋር ተጣብቆ ተነሳ። እጄ ስድስት ሳምንት በጀሶ ከረመ፤ አለንጋም ከዚያ ወዲህ ይዤ አላውቅም።

ስለዚህ ኮርቻውን አውርዱና ከጫንቃው እስከ ወገቡ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ፣ በጣቶቻችሁ ቀስ እያላችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ቆዳው ከተርገበገበ፣ ወገቡን ዝቅ ካደረገ ወይም ዞሮ ሊነክሳችሁ ከቃጣ ያመዋል። ሆዱ ላይ የሚታሰረውን ጠፍርም እዩ፤ ብብቱ አካባቢ ብዙ ጊዜ ይልጠዋል። ሰኮናና ጥርስ የእንስሳት ሐኪም ይይላችሁ። ያመመው ፈረስ እስኪድን አይጫንም፣ አለቀ።

ጤነኛ ከሆነ ያለ ሰው ፈትኑት። ሰባት ስምንት ሜትር በሚሆን ገመድ ይዛችሁ በዙሪያችሁ አዙሩት፤ መጀመሪያ ያለ ኮርቻ፣ ከዚያ በኮርቻ። ገመዱን እጃችሁ ላይ እንዳትጠመጥሙት። ያለ ኮርቻ በደንብ ጋልቦ በኮርቻ ከተፈናጠረ ጥፋቱን ኮርቻው ላይ ፈልጉ። በሁለቱም ደህና ሆኖ እናንተ ስትወጡ ብቻ የሚያምፅ ከሆነ... ይቅርታ አድርጉልኝና ችግሩ እናንተ ናችሁ። እኔም ነበርኩ።

አሁን ዋናው ነገር። ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓላቸውን የሚያከብሩትን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሽምጥ ሲጋልቡ አይቶ የተመለሰ ሰው መቸኮሉ አይቀርም። ሶምሶማውን ያጣድፋል፣ ያጣድፋል፣ ፈረሱ በፍጥነት ብዛት ግልቢያ ውስጥ እንዲገባለት ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን የፈረሱ ክብደት በሙሉ ፊት እግሮቹ ላይ ይወድቃል። ግልቢያ የሚጀምረው ግን ከኋላ እግር ነው። ወደ ቀኝ እየዞራችሁ ከሆነ ከግራው የኋላ እግር። ስለዚህ አታፍጥኑት። እንዲያውም ሶምሶማውን አረጋጉት፣ ሃያ ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ አዙሩት፣ ቁጭ ብላችሁ ምቱን ስሙ።

ወደ ቀኝ ስትዞሩ ቀኝ እግራችሁ ጠፍሩ አጠገብ ይቆይ። ግራውን አንድ ጋት ያህል ወደ ኋላ ወስዳችሁ ጫን አድርጉና «ቼ!» በሉ። አንድ ጊዜ ብቻ። ካልገባ ወደ እርጋታው መልሱትና እንደገና ጠይቁት። ተረከዝ እየደበደቡ መከተል ፈረሱን ያደነዝዘዋል ወይም ያናድደዋል።

በዚያች ቅጽበት ብዙዎቻችንን የሚያጋልጠን እጃችን ነው። መውደቅ እንፈራና ዛቡን፣ ከልጓሙ ወደ እጃችን የሚመጣውን ማሰሪያ፣ እንስባለን። እግራችን «ሂድ» ይላል፣ እጃችን «ቁም»። ፈረሱ ሲጋልብ አንገቱን ስለሚያወዛውዝ ዛቡ አብሮት መሄድ አለበት። ባገራችን የተለመደው አገጭ ዙሪያ ቀለበት ያለው ልጓም ደግሞ ኃይለኛ ነው፤ ትንሽ ስባችሁት ብዙ ያመዋል። ሌላ ልጓም ብታገኙ ለልምምድ ቀይሩት። እጃችሁ አላርፍ ካለ በአንዱ ጋማውን ጨብጡ። ነውር የለውም።

ቦታ መምረጥ ከቻላችሁ ለስላሳ ዳገት ምረጡ። ዳገት ላይ መፈናጠር ይከብደዋል።

ከተፈናጠረ ወደ ፊት አትጎንበሱ። ለመፈናጠር ራሱን ወደ ታች መቅበር አለበትና አንዱን ዛብ ወደ ጎን ከፍ አድርጋችሁ ራሱን አንሱት፣ በዚያው ወደ ክብ አስገቡትና ወደ ፊት ንዱት። በፊት እግሩ ሽቅብ ከተነሳ ግን ተቃራኒው ነው፤ ዛቡን ልቀቁለት፣ አንገቱ ላይ ተደፉ። ይህኛው አመል ከተደጋገመ ልምድ ላለው ሰው ስጡት፤ ወደ ኋላ ከወደቀባችሁ ቀልድ የለም።

ሁለት ጊዜ በደንብ ወደ ግልቢያ ከገባላችሁ ለዛሬ አቁሙ። አምስት ስድስት እርምጃ ብቻ ቢጋልብም ይበቃል። ኮርቻውን ስታወርዱ ላቡን እዩት፦ ዙሪያው ርሶ መሃሉ ላይ ደረቅ ያለ ቦታ ከተገኘ ኮርቻው እዚያ ላይ እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ነገ ከመጫናችሁ በፊት መጀመሪያ ጣታችሁን የምታሳርፉት እዚያ ላይ ነው።