የፍጹም ዋጋ እኩልታ፦ ያገኛችሁት ሁሉ መልስ አይደለም
እኩልታውን ወደ ሁለት እኩልታዎች ከመክፈላችሁ በፊት ፍጹም ዋጋውን (በ| | መካከል ያለውን) ለብቻው አስቀሩት። 3|ሀ + 1| + 4 = 10 ከሆነ መጀመሪያ 4 ቀንሱ፣ ከዚያ ለ3 አካፍሉ፤ |ሀ + 1| = 2 ይቀራል። ስለዚህ ሀ + 1 ወይ 2 ነው ወይ −2፤ ማለትም ሀ ወይ 1 ነው ወይ −3። ፍጹም ዋጋ ርቀት ነውና፣ በቁጥር መስመር ላይ ከ−1 በ2 የሚርቁት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። በቀኝ በኩል 0 ከቀረ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ ነጌቲቭ ቁጥር ከቀረ መፍትሔ የለም፣ እዚያው አቁሙ።

ጣጣው የሚመጣው በቀኝ በኩልም ሀ ሲኖር ነው። |ሀ − 2| = 2ሀ − 1ን እንይ። ሀ − 2 = 2ሀ − 1 ስንል ሀ = −1 ይወጣል። ግን በቀኝ በኩል ስንተካው −3 ይሆናል፤ ርቀት ደግሞ ነጌቲቭ አይሆንም፣ ስለዚህ ይጣላል። ሁለተኛው ሀ − 2 = −(2ሀ − 1) ነው። ቅንፉን አትርሱ! የመቀነስ ምልክቱ −1ንም ወደ +1 ይቀይረዋል፦ ሀ − 2 = −2ሀ + 1፣ 3ሀ = 3፣ ሀ = 1። ሲተካ 1 = 1፤ ትክክል። ቅንፉን የረሳ ሰው ሀ = 1/3 ያገኛል፣ ሲፈትሸው አይሰራለትም፣ ከዚያ “መፍትሔ የለውም” ብሎ ያልፈዋል።