ያበጠ ድድ ሁሉ በአንቲባዮቲክ አይድንም፦ ችግርና መፍትሄ

ጠዋትና ማታ መቦረሹን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ችግር፦ ሲቦርሹ ይደማል፣ አፍ ይሸታል፣ ትኩሳት የለም።
ምክንያቱ ድድና ጥርስ መገናኛው ላይ የተጋገረው ታርታር (ጠንክሮ የተጣበቀ ቆሻሻ) ነው፣ መፍትሄው ጥርስ ሐኪም ጋ ማሳጠብ። ደማ ብላችሁ መቦረሽ አታቁሙ፣ ይብሳል።

ችግር፦ ህጻኑ ድንገት አተኮሰ፣ ምግብ እምቢ አለ፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድዱ ዙሪያውን ቀልቶ አብጧል።
ሁሌ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉት ላይ ይበዛል፣ ቤተሰብ ደግሞ "ጥርስ እያወጣ ነው" ይላል። ኧረ ጥርስ ማውጣት 39 ዲግሪ አያተኩስም! ከዛ ለታላቁ ታዞ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ይሰጠዋል፣ አልሻል ሲል ሌላ አንቲባዮቲክ ይገዛል፣ ልጁ ግን ውሃ እንኳን መዋጥ አቅቶት ነው እኔ ጋ የሚደርሰው። ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ድዱና ምላሱ ላይ መሃላቸው ቢጫ ዙሪያቸው ቀይ የሆኑ ደቃቅ ቁስሎች አሉ። ምች የሚያወጣው ሄርፒስ ቫይረስ ነው። አንዷን ልጅ ሳይ አውራ ጣቷም ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶ ነበር፣ ስለምትጠባው፤ አቅፏት የቆመው አባቷ ከንፈር ላይ ደግሞ ሊደርቅ የደረሰ ምች። እባካችሁ ምች የወጣበት ሰው ህጻን አይሳም!
መፍትሄ፦ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ፣ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከደረሳችሁ ሐኪም አሲክሎቪር (የሄርፒስ መድኃኒት) ሊያዝ ይችላል፣ ካለፈም ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ራሱ ይድናል። አስፕሪን ለልጅ በፍጹም። የስቴሮይድ ቅባት አትቀቡ። እጁን አይኑ ውስጥ እንዳይከት። ሽንቱ ከቀነሰና አፉ ከደረቀ ውላችሁ አትደሩ፣ ሆስፒታል።

ችግር፦ አዋቂ ነው፣ ድዱ ታክሞም ይመለስበታል፣ ቫይረስ ይሆን እንዴ ይላል።
ሄርፒስ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከ4 ሚሊሜትር ጀምሮ ጠለቅ ያለ የድድ ኪስ (ድዱ ከጥርሱ ሲለቅ የሚፈጠር ክፍተት) ውስጥ ሄርፒስም፣ ዘመዶቹ የሆኑት ኤፕስታይን ባርና ሳይቶሜጋሎቫይረስም ከጤነኛ ድድ ይልቅ በብዛት ይገኛሉ። ቫይረሱ የቦታውን መከላከያ ሲያደክም ባክቴሪያው ይፈነጫል፣ ባክቴሪያው የሚያወጣው አሲድ ደግሞ በላብራቶሪ እንደታየው የተኛ ቫይረስ ይቀሰቅሳል። ማን ቀደመ የሚለው ገና ክርክር ነው፣ ግን ለድድ በሽታ ብላችሁ አሲክሎቪር እየገዛችሁ አትዋጡ፤ ኪሱ እስከ ስሩ ይጠረግ፣ ሲጋራ ይቁም፣ ስኳር ተመርመሩ። ማውዝዋሽ ብቻ ይዞ የሚዞር ሰው ያናድደኛል፣ ኪሱ ውስጥ አይገባም እኮ። ምች ከወጣባችሁ ደግሞ እጥበቱን አራዝሙት። ከታጠቡ በኋላ ላንቃቸው ላይ ደቃቅ ቁስል ወጥቶ "አቆሰልከኝ" የሚሉኝ አሉ፣ ብዙ ጊዜ ያው የተቀሰቀሰው ቫይረስ ነው።

ችግር፦ በጥርሶች መሃል ያለው የድድ ጫፍ ተበልቷል፣ ግራጫ ለብሷል፣ ሽታው አያስቀርብም።
ይሄ የባክቴሪያ ነው፣ እጥበትና ሐኪም ካዘዘው ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ። የኤችአይቪ ምርመራም አድርጉ።

የምላስ ጎን ላይ ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ መስመርም እንደዛው የኤችአይቪ ምርመራ ይፈልጋል። 2 ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል ካለ ደግሞ ቅባት መቀያየሩን ትታችሁ አሳዩት።