የጥርስ 3ዲ ራጅ እንዴት ይነሳል? ከወንበሩ እስከ ፍላሹ

ጥርስ ሐኪሙ አፋችሁን አይቶ «3ዲ ራጅ ተነሱና ኑ» ቢላችሁ አትደንግጡ። አያምም፣ መርፌ የለውም፣ ሆድ ባዶ መሆን አያስፈልግም። ግን ወረቀቱን ይዛችሁ ዝም ብላችሁም አትሂዱ። ምስሉ ጥርት ብሎ እንዲወጣ፣ ድጋሚ እንዳትነሱ፣ ከፍላችሁ የተነሳችሁት ነገርም እጃችሁ እንዲገባ እናንተ ራሳችሁ የምታደርጉት ነገር አለ።

1. የታዘዘላችሁ የትኛው ነው?

ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ራጅ ሲባል አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ትንሿ ራጅ አለች፤ አፍ ውስጥ ሴንሰር ገብቶ ሁለት ሦስት ጥርስ ከነስሩ ታሳያለች። ፓኖራሚክ የሚባለው ከጆሮ እስከ ጆሮ ያለውን መንጋጋ በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ያወጣል። 3ዲ የሚሉት ደግሞ ሲቢሲቲ ነው። ጨረሩ በኮን ቅርጽ እየወጣ ጭንቅላታችሁን ይዞራል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይነሳሉ፣ ኮምፒውተሩ ይገጣጥማቸዋል። ከእነዚህ ሌላ በእጅ የሚያዝ ስካነር አለ። እሱ ራጅ አይደለም፤ የጥርሱን ቅርጽ በብርሃን ነው የሚቀዳው፣ ምንም ጨረር የለውም። ክራውን (ጥርስ ላይ የሚደፋ ሽፋን) ሲሰራ ልክ ለመውሰድ አፍ ውስጥ የሚሞላውን ያንን የሚያቅለሸልሽ ነገር በብዙ ቦታ የተካው እሱ ነው።

ጠፍጣፋ ራጅ እንደ ጥላ ነው። ፊትና ኋላ ያለው ሁሉ ተደራርቦ ይወድቅበታል። ለምሳሌ መጨረሻ ላይ የምትበቅለዋ የታች መንጋጋ ጥርስ ስሯ በአጥንቱ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ላይ ያረፈ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ከነርቩ ፊት ትሁን ኋላ ወይስ ነርቩን ታቅፋው ግን ከጠፍጣፋ ምስል በእርግጠኝነት አይታወቅም። ያ ነርቭ ከተጎዳ የታች ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ስለሚችል፣ ከመንቀሉ በፊት ማወቁ ትልቅ ነገር ነው። ኢምፕላንት (በወለቀ ጥርስ ፋንታ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን) የምታስተክሉ ከሆነም እንደዚያው ነው። ፓኖራሚክ የአጥንቱን ከፍታ ያሳያል፣ ውፍረቱን ግን አያሳይም። ቀጭን አጥንት ውስጥ ወፍራም ብሎን ይገባል ማለት ደግሞ የማይሆን ነገር ነው።

2. ከመስማማታችሁ በፊት ጠይቁ

«ዶክተር፣ ይሄ ራጅ ምን እንዲያሳየን ነው? ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል?» በሉ። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም። መልሱ «ኢምፕላንት ልንተክል ነው»፣ «ጥርሷ ነርቩ አጠገብ ናት»፣ «የስር ሕክምናው ተሰርቶም ሕመሙ አልተወም»፣ «አጥንት ውስጥ የተቀበረ ጥርስ አለ» ከሆነ ምክንያቱ በቂ ነው። የስር ሕክምናውን ካነሳን አይቀር፣ የላይኛው የመጀመሪያ ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ስሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ አራት ቦይ (ነርቭ የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) አለው፣ አራተኛው ደግሞ መደበቅ ይወዳል። 3ዲ ምስል እንደዚህ ዓይነቱን በማግኘት ጎበዝ ነው።

«እንዲያው ሁሉንም እንየው ብዬ ነው» ከሆነ ግን ትንሽ አስቡበት። ጥርስና ጥርስ መሀል የጀመረን መበስበስ ለማየት ትንሿ ራጅ ትሻላለች። ሲቢሲቲ ብረት ሙሌት ወይም ክራውን ባለበት ቦታ ጨረር ጨረር የሚመስል ነጭና ጥቁር መስመር ስለሚያወጣ፣ የሌለ ቀዳዳ አለ ሊያስብልም ይችላል። ውድ ስለሆነ ብቻ ለሁሉም ነገር ይሻላል ማለት አይደለም።

ስለ ጨረሩ መጠን ብዙ ይወራል፣ ቁጥሩን እንየው። አንዷ ትንሽ ዲጂታል ራጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) በታች ናት። ፓኖራሚክ በግምት ከ10 እስከ 25 ይደርሳል። ሲቢሲቲ እንደሚነሳው ቦታ ስፋት ይለያያል፤ ጥቂት ጥርስ ብቻ ከሆነ በአስር ቤት፣ መላው ፊት ከሆነ በመቶ ቤት ሊገባ ይችላል። ለማነጻጸር ያህል፣ ሰው ምንም ራጅ ሳይነሳ ከመሬት፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2,400 ማይክሮሲቨርት ያገኛል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ከሰማይ የሚመጣው ድርሻ ባሕር ዳርቻ ካሉ ከተሞች ይበልጣል። ማንም ግን በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባ አይለቅም።) ስለዚህ የምትጠይቁት «ጨረር አለው ወይ» ብላችሁ ሳይሆን «ለተፈለገው ቦታ ብቻ ማንሳት ይቻላል ወይ» ብላችሁ ነው። ለልጅ ሲሆን ደግሞ ይሄን ጥያቄ ሳትጠይቁ አትለፉ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ ወይም ሳትሆኑ አትቀሩም ብላችሁ ካሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። በቅርብ የተነሳችሁት ራጅ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

ጨረር የሚከላከለውን የሊድ (የእርሳስ ብረት) ሽርጥ ካላለበሷችሁም አትጣሉ። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. ሽርጡም የአንገት መከለያውም ከእንግዲህ እንደማያስፈልጉ መክሯል። አሁን ጨረሩ የሚያርፈው ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ የአንገቱ መከለያ ደግሞ አንዳንዴ ምስሉን ራሱን ይጋርደዋል። ልማዱን ያልተዉ ክሊኒኮች አሉ፣ ካለበሷችሁም ችግር የለውም።

3. ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይውለቅ

ጉትቻ፣ ሐብል፣ መነጽር፣ የጸጉር ሹካ፣ የሚወልቅ ሰው ሰራሽ ጥርስ፣ የጆሮ ማዳመጫ። ማተብ ላይ ያለ የብረት መስቀልም እንደዚያው። ክሩን መበጠስ አያስፈልግም፣ መስቀሉ ከምስሉ እንዲርቅ የት እንደምታደርጉት ባለሙያውን ጠይቁት። ሹሩባ ውስጥ የተሰካ ብረት ካለ አትርሱት። ጉትቻን በተለይ ናቅ አታድርጉት፤ ፓኖራሚክ ላይ የአንዱ ጆሮ ጉትቻ በሌላው በኩል ከፍ ብሎ ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል፣ ያውም መታየት ያለበት ጥርስ ላይ።

4. መሣሪያው ውስጥ አለመነቃነቅ

ምስሉ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው። ትቆማላችሁ ወይም ትቀመጣላችሁ፣ አገጫችሁ መደገፊያ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ፕላስቲክ ትነክሳላችሁ፣ ግንባራችሁ ይያዛል። ከዚያ ክንዱ ይዞራል። አብዛኞቹ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ይፈጃሉ፣ አንዳንዶቹ ከዚያም ይቆያሉ። በ1896 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኦቶ ዋልክሆፍ የራሱን ጥርስ ራጅ ለማንሳት 25 ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ 20 ሰከንድ ምንም አይደለችም።

ምራቃችሁን ቀድማችሁ ዋጡ። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ክንዱ ትከሻችሁን የሚነካ ከመሰላችሁ ሳይጀመር ተናገሩ። መሣሪያው ሲዞር ዓይን አብሮ መከተል ይወዳል፣ ጭንቅላትም ዓይንን ይከተላል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ አፍጥጡ ወይም ጨፍኑ። ፓኖራሚክ ከሆነ ምላሳችሁን ላንቃችሁ ላይ ለጥፉ። ብዙ ሰው ይሄን ይረሳል፣ ከዚያ የላይኛው ጥርስ ስር ላይ ጥቁር ጥላ ይጋረድና ሐኪሙ ምንም አያይም። ከተነቃነቃችሁ መስመሩ ሁሉ ድርብ ሆኖ ይወጣል። ያኔ ድጋሚ መነሳት ነው፣ ጨረሩም ድጋሚ ነው።

ትንሿ ራጅ ላይ ሴንሰሩ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ከፊት ጥርስ እንዲጀምሩላችሁ ጠይቁ። አንድ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ሞኝ ይመስላል፣ ግን ሐሳብን ስለሚሰርቅ ብዙዎችን ይረዳል።

5. ምስሉን አብራችሁ እዩ

ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን ባለ ቀለም የራስ ቅል አይታችሁ «ዋው!» ማለት ያለ ነው። ልኬት የሚወሰደው ግን ከቁራጮቹ ነው። ከላይ፣ ከፊትና ከጎን የተቆረጡ ሦስት መስኮቶች ታያላችሁ። ነጩ ጠጣር ነገር ነው፣ ጥቁሩ አየር ወይም ባዶ ቦታ። የምስሉ ግራ በኩል የናንተ ቀኝ ነው፣ ሐኪሙ ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚያያችሁ።

ሐኪሙን «ነርቩን ያሳዩኝ፣ አጥንቱ በከፍታም በውፍረትም ስንት ሚሊሜትር ነው?» በሉት። የላይኛው መንጋጋ ከሆነ ከጥርሱ በላይ ያለው የሳይነስ (ጉንጭ አጥንት ውስጥ ያለ አየር የሞላው ክፍተት) ወለል ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ጠይቁ። ራጁ ከታዘዘበት ጥርስ ውጪ ያለውን ክፍልስ ማን አነበበው? ይሄም መጠየቅ አለበት። ምስሉ ውስጥ የገባው ሁሉ መታየት አለበት፣ ሪፖርትም ካለ ተቀበሉ።

6. ፋይሉን ሳትይዙ አትውጡ

ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም መላክ ዋጋ የለውም። የምትፈልጉት ዳይኮም የሚባለውን ፋይል ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁራጮች ያሉበት ከባድ ፎልደር ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ስማችሁና ቀኑ ትክክል መሆኑን፣ ፋይሉም የሚከፈት መሆኑን እዚያው አረጋግጡ። በቴሌግራም የግድ ከሆነ ዚፕ አድርጋችሁ በፋይልነት ላኩት፣ በፎቶነት አይደለም። ቤት ሆናችሁ ማየት ካማራችሁ 3ዲ ስላይሰር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ምርመራውን ግን ለሐኪሙ ተዉለት።

ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ለእረፍት መጥታችሁ አዲስ አበባ ጥርስ የምታሰሩ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ። ኢምፕላንት ከተተከለ በኋላ ከራጁ ፋይል ጋር የኢምፕላንቱን ስም፣ ዲያሜትርና ርዝመት ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ማሸጊያው ላይ ያለው ስቲከር ከተገኘ ደግሞ እሰየው። ብሎኑ ከላላ ወይም ክራውኑ ከተሰበረ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ልክ የሚሆነውን ዕቃ የሚያዘው በዚያ ወረቀት ነው።